ከመጫጨታችሁ በፊት አብራችሁ አንብቡ

በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ አንድ ወንድም ለአንዲት እህት መጽሐፍ ሲያውስ ከታየ ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል። መጽሐፉ እጇ ከመግባቱ ዓይን ይጠቃቀሳል። «ተጀመረ!» ይላል አንዱ። በሳምንቱ መጽሐፉን ስትመልስ በር ላይ ቆመው ስለ ታሪኩ አምስት ደቂቃ ከተነጋገሩ ደግሞ ወሬው መሪያችን ጆሮ ይደርሳል። መሪውም ሁለቱን ለየብቻ ጠርቶ «ለምስክርነታችሁ ተጠንቀቁ» ብሎ ይመክራል። ምክሩ ከመልካም ልብ ሊመነጭ ይችላል። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ መጽሐፉ ይመለሳል፣ ንግግሩ ይቆማል፣ ሁለቱም በየቤታቸው ገብተው ስልካቸውን ይከፍታሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ይህ ልማዳችን የተገለበጠ ነው ብዬ ነው። የምንፈራውን ልንደግፍ፣ ዝም ብለን የምናልፈውን ልንፈራ ይገባን ነበር። ወንድና ሴት ወጣቶች በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ፣ በሰው ፊት፣ ለወራት እየተነጋገሩ መቆየታቸው ለመጠናናት ካሉን መንገዶች ሁሉ ይበልጥ እውነተኛው ነው። ከዚያ ውስጥ ፍቅር ቢወለድ፣ ትዳርም ቢመጣ፣ ጌታን እናመሰግንበት እንጂ አንፈርበት።

አሁን የምንመርጠው በምንድን ነው?

እስቲ ራሳችንን አንሸንግል። ዛሬ ወጣቶቻችን የትዳር አጋራቸውን የሚመርጡት በምንድን ነው? ሦስት መንገዶች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው መድረክ ነው። ድምፁ የሚያምር፣ ጊታር የሚጫወት፣ ሲጸልይ ጉባኤውን የሚያስለቅስ ወንድም ብዙ ዓይን ያርፍበታል። በመዘምራን መካከል ፊቷ እያበራ የምትዘምር እህትም እንዲሁ። መድረክ ስጦታን ያሳያል፤ ስጦታና ጠባይ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሳምሶን ኃይል ተሰጥቶት ነበር፤ ራሱን መግዛት ግን አቃተው። መድረክ ላይ የቆመን ሰው ቢቃወሙት ምን እንደሚመልስ አናይም፤ መድረክ ላይ የሚቃወመው የለምና።

ሁለተኛው ስልክ ነው። በእኩለ ሌሊት የሚላክ መልእክት አምስት ጊዜ ተጽፎ፣ አራት ጊዜ ተሰርዞ፣ በአምስተኛው የተላከ ነው። ፎቶው ከሃያ ፎቶ መካከል የተመረጠ ነው። ምስክር የለም፤ «ኧረ ይህስ ትክክል አይመስለኝም» የሚል ጓደኛ አጠገብ የለም። የሚገርመው፣ መጽሐፍ ሲዋዋሱ ያየነውን ሁለቱን ወጣቶች ጠርተን ስንመክር፣ በየሌሊቱ ሦስት ሰዓት በቴሌግራም የሚያወሩትን ስላላየናቸው ብቻ ደህና ናቸው ብለን እንተኛለን።

ሦስተኛው «ጌታ ተናገረኝ» ነው። እግዚአብሔር ዛሬም ልጆቹን እንደሚመራ አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ወንድም በቅጡ ወዳላወቃት እህት ቀርቦ «ጌታ አንቺ ነሽ ብሎኛል» ሲላት ምን እያደረገ እንደሆነ እናስተውል። እምቢ የማለት ነጻነቷን እየወሰደባት ነው። እምቢ ብትል ለእርሱ ሳይሆን ለጌታ እምቢ ያለች ይመስላታል። እሺ ብትልም እሺታዋ ከፍርሃት የወጣ ነው። በፍርሃት የተጀመረ ትዳር ደግሞ በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ለዚህ ለሦስተኛው መንገድ ማስረጃ ተብሎ ዘወትር የሚጠቀሰው ዘፍጥረት 24 ነው። የአብርሃም ሎሌ ምልክት ለምኖ የለም ወይ? አዎን፣ ለምኗል። ምዕራፉን ግን ቀስ ብለን እናንብበው። ሎሌው የለመነው ምልክት ሕልም ወይም ከሰማይ የሚወርድ ብርሃን አይደለም። ውኃ ሲጠይቃት ለእርሱ ሰጥታ፣ ሳትለመን ለግመሎቹም የምትቀዳ ልጅ እንድትገጥመው ነው የጸለየው። ግመሎቹ 10 ነበሩ። ከረጅም መንገድ የመጣ የተጠማ ግመል ምን ያህል እንስራ ውኃ እንደሚጨርስ ግመል የሚያረባ ሰው ጠይቁ። ምልክቱ ጠባይ ነበር! ርብቃ ስትቀዳ ሎሌው ዝም ብሎ ይመለከታት ነበር፤ አልቸኮለም። በመጨረሻም ቤተሰቧ ርብቃን ራሷን ጠርተው ከሰውየው ጋር ለመሄድ ፈቃደኛ እንደሆነች ጠይቀዋታል። ስለዚህ ዘፍጥረት 24ን መጥቀስ የሚወድ ወንድም አስቀድሞ እንደ ሎሌው ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ይመልከት፤ ከዚያም እንደ ርብቃ ቤተሰብ ይጠይቅ።

የከተማ ወጣቶች ግን ዛሬ በጉድጓድ አጠገብ አንገናኝም። ስለዚህ የሰው ጠባይ ሳይቀባባ የሚታይበት ሌላ ቦታ ያስፈልገናል። አብሮ ማንበብ ያ ቦታ ነው እላለሁ።

መጽሐፍ ምን ያሳያል?

ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ስለ ራሳቸው ብቻ ሲያወሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠበቃ ናቸው። «እኔ ታጋሽ ነኝ»፤ «እኔ ውሸት አልወድም»፤ «ለእኔ ከሁሉ በፊት ቤተሰብ ነው»። ይህን የማይል ማን አለ? ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ ግን ጠበቃው ይዘናጋል፤ የተደበቀው ሰው ብቅ ይላል።

ለምሳሌ የክቡር ዶ/ር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለ ተረከው ያላነበበው እንኳ ሰምቶታል። ስምንት ወጣቶች ይህን መጽሐፍ በየሳምንቱ ጥቂት ምዕራፍ እያነበቡ ቢወያዩበት ምን ይታያል? ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲነሣ አንዱ ወንድም «ምን ያድርጉ፣ አባት አይደሉ? ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው» ይላል። ሌላው የዘር ሐረግ ቈጥሮ ሰው በሚንቅ ትዕቢት ይቆጣል። አንዷ እህት ሰው ሁሉ «ጉዱ» እያለ ለሚያላግጥበት ለካሣ ታዝናለች። ሌላዋ «እውነት መናገሩ ጥሩ፤ ሰውን ሳያቃልሉ መናገር አይቻልም ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

ከእነዚህ መልሶች የቱ ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አይደለም ይህን ማንሣቴ። ከእንዲህ ያለ ውይይት በኋላ እነዚህ ወጣቶች ስለ ዘር፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሴት ልጅ ድምፅ፣ ስለ ድኻ ልጅ ምን እንደሚያስቡ ይታወቃል። «በክርስትና ዘር ይቈጠራል ወይ?» ብላችሁ ፊት ለፊት ብትጠይቁት «በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን» ብሎ የሚመልስ ወንድም፣ ስለ በዛብህ ድኽነት ሲያወራ ልቡ ያለበትን ያወጣዋል። በሠርጉ ዋዜማ የእናቱ ቤተሰብ የሙሽራዪቱን ብሔር ሲያነሡ ምን እንደሚል ከዚያ አስቀድሞ ይታያል። ይህን ከሠርግ በፊት ማወቅና ከሠርግ በኋላ ማወቅ እኩል ነውን?

ከሚለው ነገር ይልቅ ደግሞ የሚልበት መንገድ ይናገራል። አንዲት እህት ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ስታመጣ ያቋርጣታል ወይስ አስጨርሷት ይመልሳል? «ይህንስ አላሰብኩበትም ነበር» ማለት ይችላል? እርሷስ ስትሸነፍ ታኮርፋለች? ለሐሙስ አነባለሁ ያለውን ምዕራፍ አንብቦ ይመጣል ወይስ ሳያነብ ካነበቡት ሁሉ በላይ ያወራል? የተዋሰውን የሰው መጽሐፍ በምን መልክ ይመልሳል? አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለዚህ ሁሉ ይሆናል።

ትዳር የሚፈርሰው ባልና ሚስት ስለማይስማሙ ብቻ አይደለም። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ፣ ለወላጅ ስለሚላክ ገንዘብ የማይከራከሩ ባልና ሚስት የት አሉ? የሚፈርሰው እንዴት ሳይዋረዱና ሳያዋርዱ መለያየት እንደሚቻል ስላልተማሩ ነው። መጽሐፍ ይህን በትንሽ ዋጋ ያስተምራል። በልብ ወለድ ሰው ላይ ተከራክሮ መሸነፍ ማንንም አይጎዳም፤ የሚሸነፈው ሰው ግን ምን ዓይነት እንደሆነ ያሳያል።

ሁለት ምስክሮች

ይህ አዲስ ፈሊጥ የሚመስለው ካለ ወደ ኋላ ልመልሰው። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ቡንያን እ.ኤ.አ. በ1649 ገደማ ሲያገባ የብረት ዕቃ እየጠገነ የሚኖር ድኻ ወጣት ነበር። ሚስቱም ድኻ ናት፤ ስሟ እንኳ በታሪክ አልተመዘገበም። እርሱ ራሱ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚናገረው፣ ጎጆ ሲወጡ ሳህንና ማንኪያ እንኳ በቅጡ አልነበራቸውም። ሙሽራዪቱ ይዛ የመጣችው አባቷ ሲሞት የተወላትን 2 መጻሕፍት ነው። ቡንያን በልጅነቱ የተማረውን ጥቂት ንባብ ረስቶት ነበር። ባልና ሚስት እነዚያን መጻሕፍት አልፎ አልፎ አብረው ያነብቡ ጀመር፤ እርሷም ስለ አባቷ እግዚአብሔርን መፍራት ትነግረው ነበር። ያ ንባብ በአንድ ጊዜ አልለወጠውም፤ ስለ ነፍሱ የማሰብ ፍላጎት ግን ቀሰቀሰበት። ከዓመታት በኋላ፣ ስለ ስብከቱ ወኅኒ ወርዶ ከተፈታ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1678 የክርስቲያኑን መንገደኛ ታሪክ ለዓለም አበረከተ። ከዚያ ታላቅ መጽሐፍ በስተ ጀርባ ሁለት መጽሐፍ ይዛ የመጣች ስሟ ያልታወቀ ሙሽራ አለች። ለሠርግ አዳራሽ፣ ለቪዲዮና ለመኪና ሰልፍ ብድር የምንገባ እኛ ይህችን ሙሽራ እናስባት።

ሁለተኛው ምስክር ለዘመናችን ይቀርባል። የናርኒያን ታሪኮች የጻፈው ሲ. ኤስ. ሉዊስና አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ጆይ ዴቪድማን የተዋወቁት በመጽሐፍ ነው። የእርሱን መጻሕፍት አንብባ እ.ኤ.አ. በ1950 ደብዳቤ ጻፈችለት፤ በ1952 በአካል ተገናኙ። ታሪካቸው ቋጠሮ የለውም አልልም፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትጽፍ ባለ ትዳር ነበረች፣ ትዳሯ ፈርሶ የተፋታችው በ1954 ነው፣ በዚህም ምክንያት በቤተ ክርስቲያን መጋባታቸው ራሱ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። በዚያ በኩል አርአያ አድርጌ አላቀርባቸውም። የማቀርበው አንድ ነገር ነው፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለዓመታት በመጻሕፍት ላይ ተከራክረዋል። ሉዊስ በ1956 ያሳተመውን ልብ ወለድ ሲጽፍ አብራው አስባለች፣ የጻፈውን አይታ ተችታለች፤ መጽሐፉንም መታሰቢያ ያደረገው ለእርሷ ነው። በ1957 ቃል ኪዳናቸው በካህን ሲባረክ እርሷ በካንሰር ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ በ1960 ዐረፈች። መልክና ጤና ሲሄዱ በመካከላቸው የቀረው ያ የቆየ ንግግር ነበር። ወገኖቼ፣ የትዳር ዓመታት እየረዘሙ ሲሄዱ በሁላችንም ቤት የሚቀረው ይኸው ነው።

«መጽሐፍ ስንቱን አሳስቷል!»

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። መጀመሪያ የሚነሡት መሪዎቻችን ናቸው፤ ሐሳባቸውም የዋዛ አይደለም። «በዛብህና ሰብለ ወንጌል ራሳቸው የወደቁት በትምህርት ሰበብ አይደለምን?» ይሉኛል። እውነት ነው። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ ቤት የገባው ሰብለን ሊያስተምር ነበር። ከዚህም የከፋ ምሳሌ ልጨምርላቸው። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ ስለ ሲኦል በጻፈው ቅኔ ውስጥ ፍራንቼስካ የምትባል ሴትና ፓውሎ የሚባል የባሏ ወንድም አሉ። ሁለቱ ለብቻቸው ተቀምጠው ስለ ላንስሎት ፍቅር የሚተርክ መጽሐፍ ሲያነቡ በኃጢአት ወደቁ። እንግዲህ አብሮ ማንበብ በራሱ ቅዱስ ነው ብዬ አልከራከርም።

ነገር ግን ሁለቱን ታሪኮች ደግመን እንመልከት። በፊታውራሪ ቤት ያጠፋው ፊደሉ ነው ወይስ በሩ? ሰብለን በአደባባይ ለመጠየቅ የሚችል አማች ጠፋ፤ ሁሉም በዘር ሐረግ ሚዛን ቀልሎ ተመለሰ። የፊት በሩን ትዕቢት ስለ ቈለፈው ፍቅር በጓሮ ዞረ። በዳንቴም ታሪክ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ፤ ሦስተኛ አንባቢ አልነበረም። ደግሞም የወደቁት መጽሐፉን ሲተዉት ነው፤ ያን ቀን ንባቡን ወደ ፊት አልቀጠሉም። ሁለቱም ታሪኮች የሚያስተምሩት አንድ ነው፤ በሩ ይከፈት፣ አንባቢው ይብዛ።

ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ያነበበው ለወንዶችና ለሴቶች በአንድነት፣ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ነው። ጓዳ ውስጥ አልተነበበም፤ ወንዱ ለብቻ ሴቷ ለብቻ ይስማ ተብሎም አልተለየም። እናንተ መሪዎቻችን፣ ቁም ሣጥኑን ስትቈልፉ ንባቡን እንጂ ፍላጎቱን አልቈለፋችሁም። ፍላጎቱ ሌላ መንገድ ፈልጎ ሄዷል፤ ያም መንገድ እናንተ የማታዩት ነው።

«ልብ ወለድ ዓለማዊ ነው» ለሚሉ ደግሞ አጭር መልስ አለኝ። ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ትምህርት ተምረዋል፤ በጣዖት ፊት ግን አልሰገዱም። ጳውሎስ በአቴና ሲሰብክ የግሪክ ባለቅኔዎችን ያውቅ እንደነበር ንግግሩ ይመሰክራል። መጽሐፍን እየመረመሩ ማንበብ የሚማሩት አብረው በማንበብ ነው። ብቻውን ተደብቆ የሚያነብ ወጣት የሚያርመው የለም።

«ጣዕማችን አንድ ነው» ለምትሉ

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልዙር። መጽሐፍ የምትወዱት እናንተ፣ እስካሁን በደስታ አብራችሁኝ ስትነቀንቁ ነበር። ለእናንተም ጠብ አለኝ።

በመካከላችሁ አዲስ «ምልክት» ተወልዷል። «እርሱም ያንን ደራሲ ይወዳል! እርሷም ያቺ ገጽ ላይ አልቅሳለች! ይህ ከእግዚአብሔር ካልሆነ ከማን ነው?» ይህ «ጌታ ተናገረኝ» የሚለው የድሮው መንገድ አዲስ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። አንድ መጽሐፍ መውደድ የጠባይ ማረጋገጫ አይደለም። ለሰብለ ወንጌል ዕንባውን የሚያፈስ ወንድም ቤት ገብቶ እህቱን ውኃ አምጪ ብሎ ሊጮኽባት ይችላል። ስለ ድኾች የተጻፈ ልብ ወለድ አንብባ የምትቃትት እህት ለቤት ሠራተኛቸው ምሳ ሳታስቀር ልትበላ ትችላለች። መጽሐፍ የሚጠቅማችሁ አንባቢውን ሲያሳያችሁ ነው፤ እናንተ ግን አንባቢውን ትታችሁ መጽሐፉን ካፈቀራችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችኋል።

ስለዚህ እኔ የምመክራችሁ ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍ የሚወድ ሰው እንድትፈልጉ አይደለም። እናንተ የምትወዱትን መጽሐፍ የማይወድ ሆኖ፣ ለምን እንደምትወዱት ግን ሊሰማ የሚፈልግ ሰው ይበልጥባችኋል። እርሱን ፈልጉ።

ሌላም አለ። አንዲት እህት በውይይት ላይ ጥሩ ሐሳብ ስለ ሰጠች ወይም መጽሐፍ ስለ ተዋሰች ብቻ «ወዳኛለች» የሚል ወንድም ይገሠጽ። ኦኔሲሞስ ነሲብንና አስቴር ጋኖን አስታውሱ። ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው ነጻ የወጡ ናቸው፤ በምጽዋ አካባቢ በነበረው ሚስዮንም ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ከሁለቱ እጅ የወጣ ነው። እርሷ ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላትን ሰበሰበች፤ ተረትና ምሳሌውን፣ እንቈቅልሹንና ዘፈኑን ከትዝታዋ አወጣች። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእርሷ ድካም አለበት። እነዚህ ወንድና ሴት ለዓመታት በአንድ መጽሐፍ ላይ ሠሩ፤ ባልና ሚስት ግን አልነበሩም። እርሱ ትዳር ነበረው። አብረው በመሥራታቸው ስንት ሺህ ሰው የእግዚአብሔርን ቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋው አነበበ! ያኔ «ተጀመረ!» የሚል ወሬኛ አስቆሟቸው ቢሆን ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር አስቡ።

እንግዲህ የመጽሐፍ ኅብረት የሚስት ገበያ አይሁን። እህት በነጻነት የምትናገርበት፣ የወደደ ቢጠይቃትም «አይሆንም» ብላ በሚቀጥለው ሐሙስ ያለ ሐፍረት ተመልሳ የምትቀመጥበት ቦታ ይሁን። እምቢ ማለት የማይቻልበት ቦታ ላይ የሚባል እሺ ዋጋ የለውም።

«ያልተማረስ? ድኻስ?»

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። «ይህ የተማሩ የከተማ ልጆች ጨዋታ ነው» የሚል ነው። ትዕቢት ከገባበት እውነት ነው። እውቀት ሰውን እንደሚያስታብይ፣ ፍቅር ግን እንደሚያንጽ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ስንት መጽሐፍ እንዳነበበ እየቈጠረ ሌላውን የሚንቅ ወጣት ካለ መጽሐፉን ለጊዜው ዘግቶ እግር ማጠብ ይማር።

ማንበብ ግን በሀብታም እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የመጽሐፍ ዋጋ ለተማሪ ኪስ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለስምንት ሰው አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ። አያቶቻችን ታሪክ የሰሙት እንዲህ ነው፤ ፊደል ያልቈጠሩ እናቶቻችን ወንጌልን የያዙት ልጆቻቸው ሲያነቡላቸው ሰምተው ነው። የቡንያን ቤትም ሁለት መጽሐፍ ብቻ ነበረው። ንባብ የሚከብደው ወንድም ሲያነብ ቢሰናከል የሚስቅበት ማን እንደሆነ፣ ቃሉን ቀስ ብሎ የሚያቀብለው ማን እንደሆነ ደግሞ ልብ በሉ። የትዳር አጋር ለምትፈልግ እህት ከዚያች ደቂቃ የሚበልጥ ምን ማስረጃ አለ?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ነገሬን በሐሳብ ብቻ አልተወውም። በማውቃቸው አጥቢያዎች በአንድ ጥግ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን አለ፤ አቧራ ጠጥቷል፣ ቁልፉም ማን ዘንድ እንዳለ አይታወቅም። ቁልፉ ይፈለግ። ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት ይሰብሰቡ። በሩ ክፍት በሆነ ክፍል፣ ሰዓቱ በታወቀ ጊዜ ይሁን። አንድ ጊዜ መንፈሳዊ መጽሐፍ፣ አንድ ጊዜ ታሪክ ወይም ልብ ወለድ ይነበብ። ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥል፤ ለአንድ ወር ራሱን የማይደብቅ ሰው የለምና። በትዳር የቆዩ አንድ ባልና ሚስት አብረው ይቀመጡ፤ ለመቈጣጠር ሳይሆን ለማንበብ። ባልና ሚስት ሳይጣሉ ሲከራከሩ ማየት ለወጣት ከብዙ የጋብቻ ስብከት ይበልጣል።

በየመጽሐፉ መጨረሻም ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለማን አዘንክ? በማን ፈረድክ? ከዚህ ክፍል ውስጥ ሐሳብህን ያስለወጠህ ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ መመለስ ያልቻለ ወንድም ወይም እህት ለትዳር ገና ነው።

የተጫጩትን የምታማክሩ አገልጋዮችም፣ ከምክሩ በፊት አንድ መጽሐፍ ስጧቸውና ከወር በኋላ አብረው እንዲመጡ ንገሯቸው። ስለ መጽሐፉ የሚነጋገሩትን ስሙ። ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚፈራ፣ ማን የማንን ቃል ከአፉ እንደሚነጥቅ ታያላችሁ። ይህ የቃል ጥያቄ ካልሰጣችሁ ብዙ ነገር ይሰጣችኋል።

በሐዋርያት ሥራ 18 ጵርስቅላና አቂላ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። ድንኳን ሰፊዎች ናቸው። አጵሎስ የተባለ መጻሕፍትን የሚያውቅ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ሲያስተምር ሰሙ፤ እውቀቱ የጎደለበት ነገር ነበር። በጉባኤ አላዋረዱትም። ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል ገለጡለት፤ ሁለቱም፣ በአንድነት። እንዲህ ያለ ቤት በአንድ የሠርግ ቀን አይሠራም። አብረው የሰሙ፣ አብረው ያነበቡ፣ አብረው የተከራከሩ ሁለት ሰዎች ናቸው እንዲህ ያለ ቤት የሚኖራቸው።

ወንድሜ፣ ወደ እርሷ «ጌታ ተናገረኝ» ብለህ ከመሄድህ በፊት መጽሐፍ ይዘህ ወደ ኅብረቱ ና። እህቴ፣ በድምፁ ከመማረክሽ በፊት ስትቃወሚው ምን እንደሚል ስሚ። እናንተም መሪዎቻችን፣ በዚህ ሳምንት ቁም ሣጥኑን ክፈቱልን፤ ከፍታችሁም ከእኛ ጋር ተቀመጡ።